እርስዎ ይቅደሙ፣ አንቺ ቅደሚ

ከጋሽ ገብረክርስቶስ ጋር በር ማለፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሳን ሆዜ ያለው የቢሯችን በር ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚከፈት የመስታወት በር ነው። ሁለታችን አንድ ላይ ከደረስን ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ቅደሚ ሶልዬ» ይላሉ። እኔ «ኧረ በጭራሽ፣ እርስዎ ይቅደሙ» እላለሁ። «ሴት ልጅ ቆማ?» «ታላቅ ሰው ቆሞ?» በሩ ይከፈታል፣ ማንም አይገባም፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። አንድ ቀን የጥበቃው ሠራተኛ በሩ የተበላሸ መስሎት ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። በሩ ደህና ነበር። የተበላሸነው እኛ ነን።

ይህን አስቀድሜ የማወራው ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ በር ስለሚነሳ ነው።

የምንሠራው ለዳቦ ድርጅት ነው። ዳቦውና ኬኩ የሚጋገረው ኦክላንድ፣ ወደቡ አጠገብ ነው፤ ከዚያ በመኪና እየተጫነ ለየሱቁና ለየሆቴሉ ይከፋፈላል። እኔና ጋሼ ሊጥ ነክተን አናውቅም። የምንጠብቀው ዳታቤዙን ነው፤ ማን ስንት ዳቦ አዘዘ፣ የትኛው መኪና ወዴት ይሄዳል የሚለው ሁሉ የተከማቸበትን ጎተራ። ጎተራው ሲፈጥን የሚያመሰግነን የለም። ሲዘገይ ግን ኦክላንድ ሾፌሮች ይቆማሉ፣ ዳቦው ይደርቃል፣ የእኛም ስልክ ይጮኻል። ጋሼ ይህን ሥራ የጀመሩት አንድ ኮምፒውተር አንድ ክፍል ሙሉ በሚይዝበት ጊዜ ነው። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ የጡረታ ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል፤ ስለ ጡረታ ያነሳባቸውን ሰው ግን በትህትና ሰምተው በትህትና ይረሱታል።

እኔን ለዚህ ወንበር ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። ዲቪ ደርሶኝ እንደመጣሁ ኦክላንድ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። መኪናቸውን ሊያወጡ መጥተው «ምን ተምረሽ ነበር?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤል ሴሪቶ ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ አስተማሩኝ። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ በር ነበር። «ሁለት ሰው በር ላይ ቆሞ ‹አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም› ሲባባል ዴድሎክ ይባላል» አሉኝ። «ዳታቤዝ ውስጥም አለ። አንዱ ሥራ ሌላውን ይጠብቃል፣ ሌላውም እሱን። ሰው ቢሆኑ ይሳሳቃሉ። ዳታቤዝ ግን አይስቅም፤ ከሁለቱ ትንሽ የሠራውን መርጦ ይገድለዋል።» ያን ቀን በጣም ሳቅሁ። ሞኝ ነበርኩ።

ባለቤታቸው እትዬ ፋንታዬ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሻይ ያቀርቡልን ነበር። ጋሼ የዓመት ዕረፍት በወጡ ቁጥር እትዬ ፋንታዬ በጭንቀት ይከሳሉ። ምክንያቱን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ዕረፍት ጋሼ ኩሽናውን «አስተካከሉት»፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገው ከፊት፣ ብዙ የማይፈለገው ጋራዥ። ትልቁ ድስት ጋራዥ ገባ። እንግዳ ሲመጣ እትዬ ፋንታዬ ድስታቸውን ከጎማና ከሣር ማጨጃ መሀል ጎትተው አወጡ። ቢቆጡ፣ ጋሼ «ከፋሲካ ወዲህ ማንም አልጠየቀውም እኮ» ብለው መለሱ። ታዲያ እትዬ ፋንታዬ እጄን ይዘው «ልጄ፣ አደራ፣ ጡረታ እንዳይወጡብኝ። እኔም አልችልም፣ ቤቱም አይችልም» አሉኝ። አደራውን ተቀበልኩ።

ያን ጊዜ ነው ማሽኑ የመጣው።

አለቃችን ናታን ይባላል። ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛ አንድም ሳይቀረው ይሰማል፣ ሲናገር ግን መንገድ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይታጠፋል። ጋሼ ክፍሉ ሲገቡ ከወንበሩ ይነሳል፤ እንዲህ ያለ አለቃ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ኖቬምበር መግቢያ ላይ ሁለታችንን ጠራንና ተነስቶ፣ አስቀምጦን፣ ጣራ ጣራውን እያየ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሶሊ፣ አዲስ ቱል ገዝተናል። ዳታቤዙን በራሱ ያያል፣ ስሎው የሆነውን ያገኛል፣ ፊክስ ያደርጋል። እናንተ አፕሩቭ ማድረግ ብቻ ነው። አንዳችሁ ፈርስት፣ አንዳችሁ ሰከንድ። ሁለታችሁም ካላደረጋችሁ ምንም አይነካም።»

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው» አሉ ጋሼ ደስ ብሏቸው።

«ኤግዛክትሊ» አለ ናታን። ባላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። «ግን... ከታንክስጊቪንግ በኋላ ዋን ፖዚሽን ነው የሚኖረው። አንድ ሰው። ጋሼ፣ ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ከላይ ነው፣ ኮርፖሬት ነው።»

«እንዴት ነው የሚመረጠው?» አልኩት።

«ፈርስት ሆኖ ብዙ አፕሩቭ ያደረገ ይቀራል።»

«እኩል ቢሆኑስ?» አሉ ጋሼ።

ናታን እጁን አሻሸ። «እኩል ከሆናችሁ ቱሉ ራሱ ይመርጣል። ላስት የተቀጠረው ነው የሚወጣው።»

መጨረሻ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ።

ሥራውን አልፈልገውም ነበር ብል ውሸቴን ነው። ልጄ ሃሴት ገና ትምህርት መጀመሯ ነው፣ የምኖርበትን አፓርታማም የገዛሁት በብድር ነው። ግን ያስተማረኝን ሰው ባስተማረኝ ሙያ ገፍቼ ላስወጣው ነው? በር ላይ የማልቀድማቸውን ሰው እንጀራቸው ላይ ልቅደማቸው? የእትዬ ፋንታዬስ አደራ? ክፍሉን ሳልለቅ ወሰንኩ። ጋሼ ይቀራሉ፤ ብዙ ያጸደቁት እሳቸው እንዲሆኑ አደርጋለሁ።

ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ጋሼ ስም አወጡለት፤ ሁሉ ነገር ተሰናድቶለት «ይሁን» እስኪባል ተጎልቶ ስለሚጠብቅ «ሙሽራው» አሉት። ሙሽራው በየሰዓቱ ሐሳብ ያመጣል፤ ይህ ማውጫ አያስፈልግም ይጣል፣ ያ ጥያቄ ቀርፋፋ ነው ይቃና፣ ይላል። ሐሳቡ ስክሪን ላይ ሲመጣ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ «አጽድቅ»፣ ሌላው «ለባልደረባ አስተላልፍ»።

እኔ አስተላለፍኩ። ጋሼ መልሰው አስተላለፉልኝ። ደግሜ አስተላለፍኩ።

«ሶልዬ፣ የላክሽውን አየሁት» ይላሉ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። «እንዲህ ያለውን ነገር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ካላዩት ልቤ አያርፍም።»

«የኔ ዓይን ደክሟል እኮ።»

«የእርስዎ ዓይን ደክሞ የኛን ያስንቃል።»

እንዲህ ስንባባል አንድ ቀን ዋልን፤ በነጋታውም ያው ሆነ። ጣቴ ሰለቸው። ጋሼ ያስተማሩኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ «አንድን ነገር ሁለቴ በእጅሽ ከሠራሽው ሦስተኛውን ለማሽን ስጪው» ይሉ ነበር። አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ ጻፍኩና ከሙሽራው ጋር አገናኘሁት፤ ወደ እኔ የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ እኔን ሳይጠይቅ ለጋሽ ገብረክርስቶስ ይተላለፍ። ጻፍኩት፣ አስቀመጥኩት፣ ብልጠቴ ራሴን አስደነቀኝ።

ከዚያ በኋላ ቢሯችን ሰላም ሆነ። የኔ ስክሪን ላይ ምንም አይመጣም። ጋሼም ወንበራቸውን ለጠጥ አድርገው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው ፈገግ ይላሉ። እያጸደቁ ነው፣ ቁጥራቸው እየጨመረ ነው፣ ብዬ ደስ ይለኛል፤ የሁለተኛ አጽዳቂነቱ ተራ ለምን እንዳልደረሰኝ ግን ራሴን አልጠየቅሁም። ጎን ለጎን ደግሞ ማታ ማታ የሥራ ማስታወቂያ ማየት ጀመርኩ፤ ሪችመንድ ያለ አንድ ክሊኒክ ሰው ይፈልጋል፣ አላሜዳም አንድ ቦታ አለ። ሃሴት «ዋይ አር ዩ ሳድ፣ ማሚ?» ስትለኝ «ደክሞኝ ነው እንጂ አላዘንኩም» እላታለሁ።

ዳታቤዙ ግን ከቀን ወደ ቀን ይንቀራፈፍ ጀመር። ታንክስጊቪንግ፣ አሜሪካዊ ሁሉ ገበታ ዙሪያ የሚሰበሰብበት የምስጋና በዓል፣ ሲቃረብ የዳቦ ትእዛዙ ስለሚበዛ ነው አልኩ። ጋሼም እንደዚያው አሉ። ሁለታችንም ሌላው እያየው ነው ብለን ስላመንን ማንም አላየውም።

የታንክስጊቪንግ ዋዜማ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ኦክላንድ ሆና መኪናዎቹን የምታሰማራው ያለምዘውድ ነበረች። ያለምዘውድ ስትናደድ አትጮህም፤ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ያን ቀን ጆሮዬን ስልኩ ላይ መለጠፍ ነበረብኝ።

«ሶሊ፣ ቆሟል። ስክሪኑ ዝም ብሎ ይዞራል። መኪናዎቹ ተደርድረዋል፣ ሾፌሮቹ ጭንቅላቴ ላይ ቆመዋል፣ የበዓሉ ኬክ፣ ፓዩ ሁሉ እዚህ እየቀዘቀዘ ነው። ነገ የሰው ሁሉ ገበታ ባዶ ሊሆን ነው፤ ስምሽን ለሁሉም ነው የምነግራቸው።»

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ወደ ጋሼ ዞርኩ። መነጽራቸውን አድርገው ጀምረዋል። ጋሼ ሲሠሩ ሌላ ሰው ናቸው፤ ትህትናው ሁሉ ይጠፋና እንደ ሐኪም ይቆጣሉ። «ቦታ ሞልቷል» አሉ። «መተንፈሻ የለውም። ማነው የሞላው?» ፈለጉ። ዳቦው አይደለም። ይህ ድርጅት ከተቋቋመ ጀምሮ የታዘዘ ዳቦ ሁሉ የያዘው ቦታ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። የቀረውን ጎተራ የሞላው የሙሽራው የሐሳብ ልውውጥ መዝገብ ነው። ከፈቱት።

ከገብረክርስቶስ ወደ ሶልያና ተላልፏል። ከሶልያና ወደ ገብረክርስቶስ ተላልፏል። ከገብረክርስቶስ ወደ ሶልያና ተላልፏል።

ጋሼ ወደ ታች ወረዱ። ያው ነው። ብዙ ወረዱ። ያው ነው። እጃቸው ቆመ።

ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አየኋቸው። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ በር ላይ ስንቆም ያላቸው ፊት ነው።

«አንቺም?» አሉ።

«እርስዎም?» አልኩ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እሳቸውም ያንኑ ትእዛዝ ጽፈው ኖሯል። የእኔ ለእሳቸው ይልካል፣ የእሳቸው ለእኔ ይመልሳል፣ የእኔ ደግሞ ይልካል፤ ዓይን ሳይርገበገብ፣ ሳይደክማቸው፣ ቀንና ሌሊት። እኛ ወንበር ለጥጠን ፈገግ ስንል ትእዛዞቻችን በር ላይ ቆመው ይለማመኑ ነበር።

ናታን መጥቶ ከኋላችን ቆሞ አነበበ። «ዋት ኢዝ ዚስ?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ... በር ላይ የምንሆነው ነው።»

«ይሉኝታን አውቶሜት አደረጋችሁት?» አለ ናታን። አንዷን ቃል ካልቆጠርን፣ በሕይወቱ ከተናገረው አማርኛ ሁሉ እንደዚያ የጠራ አልሰማሁም።

ሁለታችንም ትእዛዛችንን አጠፋን፤ ማን ቀድሞ እንዳጠፋ አልከራከርም። ዳታቤዙ ግን አልተነሳም። ሙሽራው አንድ ሐሳብ እንደያዘ ቆሟል፤ እሱ ካልተወሰነ የሞላውን አያጸዳም፣ መኪናም አያሳልፍም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዳታቤዝንም ጨምሩበት። ሐሳቡን ከፈትነው። እንዲህ ይላል። ከሁለቱ አጽዳቂዎች እስካሁን ያጸደቀ የለም። ማስተላለፋቸው የዳታቤዙ ከባዱ ሸክም ነው። አንዱ ይሰናበት። ስም ካልተመረጠ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ሥርዓቱ በራሱ ይመርጣል።

«ዜሮ ለዜሮ» አለ ናታን። «እኩል ናችሁ።»

እኩል ከሆንን የምወጣው እኔ ነኝ። ለጋሼ ሥራ ልተውላቸው ስል ለሁለታችንም ምንም አልሠራሁም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው፣ የሃሴት ፊት መጣብኝ። ቀጥሎ የተሰማኝ ግን ንዴት ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን አልተጫኑትም? አንዴ እንኳ!»

«አንቺስ?»

«እርስዎ እንዲቀሩ ነዋ!»

«እኔም አንቺ እንድትቀሪ ነው» አሉ፤ ተቆጥተዋል። «እኔ ምን ቀረኝ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዳታቤዝ ሳቃና የኖርኩ ሰው ነኝ። አንቺ ልጅ አለሽ።»

«እርስዎም ቤት ከገቡ...» የእትዬ ፋንታዬን ነገር ልናገር ብዬ ዋጥኩት።

«ሃሎ» አለ ስልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ። ያለምዘውድን ረስተናት ነበር። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሁለታችሁም ጥሩ ሰዎች ናችሁ። ከጥሩዎቹ አንዳችሁ አንድ ነገር ተጫኑ፤ ዳቦዬ እየደረቀ ነው።»

ጋሼ ማውሱን ሳቡት። ሁለት ስም ተጽፏል። የራሳቸውን መረጡ። «አጽድቅ» የሚለውን ተጫኑ። ሳይለማመኑ፣ ዞር ብለው ሳያዩኝ፣ ደግመው ሳያስቡ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ነገር ላይ ሲቀድሙኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ስክሪኑ አልጠፋም። አንድ መስመር ጨመረ። ሁለተኛ አጽዳቂ ያስፈልጋል፣ ሶልያና።

«አልጫንም» አልኩ።

«ሶልያና» አሉ። በሙሉ ስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«አልጫንም ጋሼ። እኔ እርስዎን በገዛ እጄ...»

«እስከ ዛሬ ‹እርስዎ ይቅደሙ› ስትዪኝ ኖረሻል» አሉ። ቁጣው ጠፍቶ ነበር። «ይኸው፣ ቀደምኩ። አሁን መከተል ያንቺ ነው።»

ታላቅ ሰው ከቀደመ ይከተሏል፤ ይህን ሕግ በር ላይ ስሟገትለት የኖርኩት እኔው ነኝ። ናታን ወደ መስኮቱ ዞሮ የሌለ መልእክት ስልኩ ላይ ያነብ ነበር። ተጫንኩት። ፊደሉ እየደበዘዘብኝ ስለነበር ቁልፉን ያገኘሁት በግምት ነው።

ዳታቤዙ ተነፈሰ። ስልኩ ላይ ሞተር ሲነሳ፣ ሰው ሲጣራ ተሰማ። «መጣ» አለች ያለምዘውድና ዘጋችው። ያው እንደ ወትሮው፣ ሲፈጥን የሚያመሰግን የለም።

ጋሼ ያልወሰዱት ዕረፍት ስለነበራቸው ያን ዕለት ከሰዓት ሊሄዱ ተነሱ። ናታን «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰከንድ አፕሩቨር እኔ ነኝ» አላቸው፤ ምርቃት የሚጠብቅ ይመስል አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ሶሊ፣ ባት አንቺ ቅደሚ፣ ኦኬ?» አለኝ። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ዕቃቸው አንድ ሹራብና አንድ የሻይ ኩባያ ብቻ ነበር። እኔ ያዝኩላቸውና ወደ በሩ ሄድን።

«ለእትዬ ፋንታዬ ምን እላቸዋለሁ?» አልኩ። «አደራ ነበረብኝ።»

«አውቃለሁ፤ ለኔም ነግራኛለች» አሉ። «አትስጊ። ከእንግዲህ ኩሽናው ውስጥ ሐሳብ ብቻ ነው የማቀርበው፤ የምታጸድቀው እሷ ናት። እስካሁን የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው።» ትንሽ ተራመዱና «ቅዳሜ ሃሴትን ይዘሻት ነይ» አሉ። «ትልቁን ድስት ከጋራዥ አውጥተነዋል።»

በሩ ጋ ደረስን። ቀረብነው፣ ተከፈተ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጎንበስ አሉ።

«ቅደሚ ሶልዬ።»

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እኔ እኮ አልወጣም።»

በሩ ተዘጋ። ጋሼ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «እውነትሽን ነው» አሉና ሹራቡንና ኩባያውን ተቀበሉኝ። አንድ እርምጃ ቀረቡ፣ በሩ እንደገና ተከፈተ። «እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ የሚለምናቸው ሰው ስላልነበረ ወጡ።